የተፈጥሮ ጉዳይ ነው ወይስ የእኛ ሥራ?

ለመሆኑ በዚህ ግቢ ውስጥ «ሴትና ኮምፒዩተር አይስማሙም» የሚለውን ንግግር ያልሰማ ተማሪ ይኖራልን? በሻይ ክበብ ይነገራል፤ በማደሪያ ቤት ይነገራል፤ አንዳንድ ጊዜም መምህሩ ፊቱን ወደ ሰሌዳው ባዞረ ጊዜ ከኋላ ወንበር በሹክሹክታ ይነገራል። ተናጋሪው እንደ ቀልድ ይጥለዋል፤ ሰሚውም እንደ ቀልድ ይስቅበታል። ነገር ግን የዘንድሮ አዲስ ገቢዎች የትምህርት ክፍል መምረጫ ቅጽ የሚሞሉበት ሳምንት ስለ ደረሰ ቀልዱ ቀልድ ሆኖ አይቀርም። ቅጹን ይዛ የምታመነታ አንዲት እኅታችን ይህንኑ ንግግር እንደ ምክር ቆጥራ ምርጫዋን ወደ ሌላ ክፍል ታዞራለች። ስለዚህ ነገሩን በይፋ ልንነጋገርበት ይገባል ብለን ይህችን አስተያየት ለማኅበራችን ገጽ አቅርበናል። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ከሁሉ አስቀድሞ እኛ ማን እንደ ሆንን እንናገር። እኛ የኮምፒዩተር ሳይንስ ክፍል የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ነን፤ ወንዶችም ነን። ሌላውን ለመውቀስ አልመጣንም። «የራስዋ አሮባት የሰው ታማስላለች» እንዳንባል ከራሳችን ጥፋት እንጀምራለን።

ባለፈው ዓመት አንድ የቡድን ሥራ ተሰጥቶን ነበር። አምስት ነበርን፤ ከአምስቱ አንዷ ሴት ነበረች። ሥራውም ለአንድ ቤተ መጻሕፍት የውሰት መዝገብ የሚይዝ ፕሮግራም መጻፍ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሥራ ስንከፋፈል ማንም ምን እንደምትፈልግ ሳይጠይቃት «አንቺ ሪፖርቱን ትጽፊያለሽ፤ ሽፋኑንም አሳምሪው» አልናት። እርስዋም መጽሐፍ የሚፈለግበትን ክፍል ልጻፍ ብትለን «ጊዜ የለንም፤ ኋላ እናሳይሻለን» ብለን መለስንላት። ያ ኋላ የተባለው ቀን አልመጣም። እኛ በላቦራቶሪው እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት እየቆየን ስንሠራ እርስዋ ልትቆይ አልቻለችም፤ ከላቦራቶሪው እስከ ሴቶች ማደሪያ ያለው መንገድ መብራት የለውምና። ሥራውን ለክፍሉ ባቀረብንበት ዕለት መምህሩ ድንገት ወደ እርስዋ ዞሮ ፕሮግራሙ እንዴት እንደሚሠራ ጠየቃት። ዝም አለች። ከእኛ አንዱ ሳቀ፤ ሌሎቻችንም ተከተልነው። በሴሚስተሩ መጨረሻ ክፍል ለመቀየር አመልክታ ሄደች። እኛም በሻይ ክበብ ተቀምጠን «ሴትና ኮምፒዩተር አይስማሙም፤ ይኸው አየነው» ተባባልን። ከዚያ በኋላ ነው በሒሳብ ፈተና ከአምስታችን የበለጠችው እርስዋ እንደ ነበረች የሰማነው።

እንግዲህ ማስረጃ ያልነው ነገር ራሳችን የፈጠርነው ሆኖ ተገኘ። በሩን ዘግተን ስናበቃ «አልገባችም» ብለን መሰከርን። ይህ ነገር ስላሳፈረን የሌሎች አገሮች ዩኒቨርስቲዎች ታሪክ ምን እንደሚል መመርመር ጀመርን። ያገኘነውንም ለአንባብያን ማካፈል ፈለግን።

ነገሩ የተፈጥሮ ቢሆን በየአገሩና በየዘመኑ አንድ ዓይነት መሆን ነበረበት። ውኃ በጎጃምም በማሌዢያም ቁልቁል ይፈሳል። ልማድ ግን እንደዚያ አይደለም። ሽመናን እንውሰድ። በአገራችን ደጋ ጥጡን ማባዘትና መፍተል የሴት ሥራ ነው፤ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ መወርወሪያውን የሚወረውረው ሸማኔ ግን ወንድ ነው። ብዙዎቻችን ሴት ሸማኔ ብናይ እንደነቃለን። በማሌዢያ ግን ትሬንጋኑ በሚባለው ግዛት በወርቅና በብር ክር የሚሠራውን ሶንግኬት የተባለውን የታወቀ ልብስ የሚሸምኑት ሴቶች ናቸው፤ እዚያ የሚያስደንቀው የወንዱ መሸመን ነው። ታዲያ መወርወሪያው ጾታ አለውን? የለውም። ጾታውን የሰጠው የየአገሩ ሰው ነው።

ኮምፒዩተርም እንደዚሁ ነው። ዕድሜው አጭር በመሆኑ ጾታ ሲሰጠው፣ ሲነጠቅና እንደ ገና ሲሰጠው በመዝገብ ለማየት ይቻላል። ቃሉ ራሱ ቀድሞ የመኪና ስም አልነበረም፤ ቁጭ ብሎ ሒሳብ የሚያሰላ ሰው የሥራ ስም ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ ፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርስቲ የመድፍ ጥይት አካሄድ በእጅ የሚያሰሉ ብዙ ሴቶች ነበሩ። በ1945 ከእነዚህ መካከል ስድስቱ ኤንያክ ለተባለው፣ ወደ 18,000 የሚጠጉ የመብራት ቱቦዎች ለነበሩት ትልቅ መኪና ፕሮግራም እንዲያዘጋጁ ተመረጡ። ስማቸው ካትሊን ማክኑልቲ፣ ጂን ጄኒንግስ፣ ቤቲ ስናይደር፣ ማርሊን ዌስኮፍ፣ ፍራንሲስ ቢላስና ሩት ሊክተርማን ይባላል። መምሪያ መጽሐፍ አልነበረም። በመጀመሪያ መኪናው ወዳለበት ክፍል እንኳ መግባት ስላልተፈቀደላቸው ሥራውን ከንድፉ ወረቀት ላይ አጥንተው ተማሩት። በየካቲት 1946 መኪናው ለሕዝብ በታየበት ዕለት ተመልካቹን ያስደነቀውን ፕሮግራም ያዘጋጁት ጂን ጄኒንግስና ቤቲ ስናይደር ነበሩ። ያን ዕለት ማታ በተደረገው የክብር እራት ግን ሴቶቹ አልተጋበዙም፤ ስማቸውም ለብዙ ዓመታት ተረስቶ ቆየ። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የተባለው ተረት የእኛ ነበር፤ ሥራ ላይ የዋለው ግን ባሕር ማዶም ጭምር ነው።

በዚያን ጊዜ ክቡር ሥራ የሚባለው መኪናውን መሥራት ነበር፤ ፕሮግራም መጻፍ እንደ ጸሐፊነት ያለ ትንሽ ሥራ ተቆጥሮ ለሴት ይሰጥ ነበር። ስለዚህም በዚህ ሙያ መሥራቾች መካከል ብዙ ሴቶችን እናገኛለን። ወይዘሮ ግሬስ ሆፐር በ1952 ፕሮግራምን ወደ መኪናው ቋንቋ በማዞር ረገድ ፈር ቀዳጅ የሆነ ሥራ ሠሩ፤ ኋላም ለሰው ቋንቋ የቀረበ የፕሮግራም ቋንቋ አዘጋጁ፤ ኮቦል የተባለው የንግድ መሥሪያ ቤቶች ቋንቋ ከዚያ ብዙ ወርሷል። በእንግሊዝ አገር ወይዘሮ ስቴፋኒ ሸርሊ በ1962 በየቤታቸው ሆነው ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎችን የሚያሠራ ኩባንያ አቋቋሙ፤ ከመጀመሪያዎቹ 300 ሠራተኞች 297ቱ ሴቶች ነበሩ። ሴትዮዋ በራሳቸው ስም ለየኩባንያው የጻፏቸው ደብዳቤዎች መልስ ስላጡ «ስቲቭ» ብለው እንደ ወንድ መፈረም ጀመሩ፤ መልሱም መምጣት ጀመረ። ሥራው ያው ሥራ ነበር፤ የተለወጠው ፊርማው ብቻ ነው።

ሙያው ክብርና ገንዘብ ማስገኘት ሲጀምርስ ምን ሆነ? በአሜሪካ ዩኒቨርስቲዎች በኮምፒዩተር ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ከተቀበሉት መካከል በ1984 ሴቶች ከመቶ 37 ያህል ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ እየወረደ ሄዶ በ2010 አካባቢ ከመቶ 18 ገደማ ደረሰ። በእነዚያው ዓመታት በአሜሪካ በሕክምናና በሕግ ትምህርት የሴቶች ቁጥር እየጨመረ ይሄድ ነበር። እንግዲህ በ25 ዓመት ውስጥ የአሜሪካ ሴቶች አእምሮ ለኮምፒዩተር ብቻ ተለወጠ ሊባል ነውን? እንዲህ የሚል ሰው ያለ አይመስለንም። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። ትንንሾቹ ኮምፒዩተሮች ወደየቤቱ ሲገቡ ነጋዴው ለወንድ ልጅ መጫወቻ አድርጎ አስተዋወቃቸው፤ ብዙ ወላጆችም በወንዱ ልጅ ክፍል አስቀመጧቸው። በዩኒቨርስቲም አመልካቹ ከወንበሩ ሲበዛ ክፍሎቹ መግቢያውን አጠበቡ። ቀድሞ የነካ ቀድሞ ገባ፤ ያልነካው «ለዚህ አልተፈጠረም» ተባለ።

አሁን ፊታችንን ወደ እስያ እናዙር። በማሌዢያ ዩኒቨርስቲዎች በዚህ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ከኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪዎች ግማሽ ያህሉና ከዚያም በላይ ሴቶች ነበሩ፤ ከመምህራኑና ከክፍል ኃላፊዎቹም ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ። ቪቪያን ላገሰን የተባሉ የኖርዌይ ተመራማሪ እዚያ ሄደው ተማሪዎቹን ሲጠይቁ ኮምፒዩተር የወንድ ነው የሚል አሳብ አላገኙም። ተማሪዎቹ የሰጡት ምክንያት ቀላል ነው፤ ሥራው በቢሮ ውስጥ ተቀምጦ የሚሠራ ነው፤ ፀሐይ የለበትም፤ ከባድ ዕቃ አያሸክምም፤ ወላጆችም ለሴት ልጅ ተስማሚ ነው ይላሉ። ለእነርሱ የወንድ ሥራ የሚመስለው በሜዳ ላይ የሚሠራው የሕንፃና የመንገድ ምሕንድስና ነው። ከዚህም ሌላ መንግሥቱ ከ1971 ጀምሮ ለማላይ ተወላጆች የከፍተኛ ትምህርት ዕድል ማስፋቱና በ1990ዎቹ የኮምፒዩተርን ሙያ የአገር ዕድገት ዓላማ ማድረጉ በሩን ከፍቷል።

በህንድም ተመሳሳይ ነገር ይታያል። ሮሊ ቫርማ የተባሉ ተመራማሪ የህንድ ሴት ተማሪዎችን ሲጠይቁ ብዙዎቹ ዩኒቨርስቲ ከመግባታቸው በፊት በቤታቸው ኮምፒዩተር አልነበራቸውም፤ ነገር ግን በሒሳብ እንተማመናለን፤ ሙያው ደመወዝና ክብር አለው፤ ቤተሰቦቻችንም ይደግፉናል አሉ። ልብ በሉ፤ በልጅነት ኮምፒዩተር ያልነካች የአሜሪካ ተማሪ «ዘግይቻለሁ» ስትል፣ ያልነካችው የህንድ ተማሪ «ልማር መጣሁ» ትላለች። የልምዱ ጉድለት አንድ ነው፤ ትርጉሙ ግን እንደየአገሩ ተለያየ።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለእኛ ለተማርን ወጣቶች ትልቅ ትምህርት ነው። ብዙዎቻችን «አገር ሲያድግና ሥልጣኔ ሲስፋፋ ይህ ሁሉ በራሱ ይስተካከላል» እያልን እንጽናናለን። ማስረጃው ግን ይህን አይደግፍም። ማሪያ ቻርልስና ካረን ብራድሊ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በ2009 የ44 አገሮችን የከፍተኛ ትምህርት አነጻጽረው ባወጡት ጥናት፣ ወንድና ሴት በትምህርት ዓይነት የመለያየታቸው ነገር በበለጸጉት አገሮች ይብሳል እንጂ አይቀንስም የሚል ውጤት አግኝተዋል። በአውሮጳ ኅብረት አገሮች፣ ሴት ጠቅላይ ሚኒስትር መሆን ብርቅ ባልሆነበት ምድር፣ በኮምፒዩተርና በመገናኛ ሙያ ከተሰማሩት ሰዎች ሴቶች ከአምስት አንድ አይሞሉም። በሳውዲ ዓረቢያ ግን ሴት መኪና እንዳትነዳ የተከለከለበት ሕግ በ2018 ከመነሣቱ በፊት ብዙ ሴቶች በየዩኒቨርስቲው ኮምፒዩተር ሳይንስ ይማሩ ነበር።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ጥናቱ የሚሰጠው ምክንያት ለማስተዋል የሚገባ ነው። በበለጸገው አገር ወጣቱ «የምትወደውን ተማር» ይባላል። ነገር ግን ሰው ገና በ17 እና በ18 ዓመቱ የሚወደው ነገር ከልጅነቱ ጀምሮ «ያንተ ነው፤ ያንቺ ነው» የተባለውን ነው። ስለዚህ ነፃ ምርጫ የተባለው ተመልሶ የቆየው ልማድ ይሆናል። እንጀራ በሚያሳስብበት አገር ግን ቤተሰቡ የሚጠይቀው «ይህ ትምህርት ሥራ ያስገኛል ወይ?» ብሎ ነው፤ ለዚህ ጥያቄ ኮምፒዩተር ለሴትም ለወንድም አንድ መልስ አለው።

ነገር ግን ከማሌዢያና ከህንድ እንዳለ እንቅዳ ማለታችን አይደለም። «በቤት ውስጥ የሚሠራ ስለ ሆነ ለሴት ይስማማል» የሚለው አሳብ ዛሬ በር ቢከፍትም ነገ አጥር ሊሆን ይችላል፤ ከውጭ ያለው ዓለም የሴት አይደለም የሚለውን ሳይነካ አልፎታልና። በራሷ በህንድም ቢሆን እጅግ ከባድ ውድድር ባለባቸው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቶች የሴቶች ቁጥር ከመቶ 10 ሳይሞላ ቆይቶ ነበር። በዚህም ምክንያት ከ2018 ጀምሮ ከወንዶቹ ቦታ ሳይቀነስ ለሴቶች ትርፍ ወንበር እንዲጨመር ተደረገ፤ በሁለት ዓመት ውስጥም ከአምስት አንድ ደረሱ። እንግዲህ በአንድ አገር ውስጥ እንኳ ቁጥሩ በበሩ ስፋት ይወሰናል።

«ደኅና፤ በሩ ተከፈተ እንበል፤ የትምህርቱ ደረጃስ አይወርድም ወይ?» የሚል ወንድም ይኖራል። እኛም ይህን ስንል ነበር። ለዚህ መልስ የሚሆነው በአሜሪካ ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርስቲ የሆነው ነው። በዚያ ታዋቂ የኮምፒዩተር ትምህርት ቤት በ1995 ከአዲስ ገቢዎች ሴቶች ከመቶ 7 ብቻ ነበሩ፤ በ2000 ከመቶ 42 ሆኑ። በመካከሉ ያለው አምስት ዓመት ብቻ ነው። ጄን ማርጎሊስና አለን ፊሸር የተባሉ ተመራማሪዎች ከመቶ የሚበልጡ ተማሪዎችን በየጊዜው እየጠየቁ አጠኑ፤ ውጤቱንም በ2002 በመጽሐፍ አወጡት። ያገኙትም ይህ ነው፤ ትምህርቱን ትተው ከሄዱት ሴቶች ብዙዎቹ በማርክ የወደቁ አልነበሩም። በመጀመሪያ በራሳቸው ላይ የነበራቸው እምነት ተሰበረ፤ ፍላጎታቸው የጠፋው ከዚያ በኋላ ነው። ቀድሞ ፕሮግራም የመጻፍ ልምድም በመጨረሻ ማን እንደሚያልፍና ማን እንደሚወድቅ የሚያስታውቅ ምልክት ሆኖ አልተገኘም። ዩኒቨርስቲውም የቀድሞ ልምድን ለመግቢያ ዋና መመዘኛ ማድረጉን ተወ፤ ልምድ ላላቸውና ለሌላቸው ልዩ ልዩ መነሻ ኮርስ አዘጋጀ፤ የሁለተኛ ደረጃ መምህራንንም አሠለጠነ። የዩኒቨርስቲው ስም ከፊተኞቹ መካከል እንደ ሆነ ቀርቷል፤ ደረጃው አልወረደም።

በካሊፎርኒያ ሃርቪ ማድ በሚባለው ኮሌጅም ከ2006 ወዲህ ባሉት ጥቂት ዓመታት ውስጥ የሴቶች ቁጥር ከመቶ 10 ገደማ ተነሥቶ ወደ ከመቶ 40 ገደማ ደርሷል። እዚያ ከተደረጉት ነገሮች አንዱ ልባችንን ነክቶታል። በክፍል ውስጥ እውቀቱን ለማሳየት እጁን እየደጋገመ የሚያወጣውን ተማሪ መምህሩ ለብቻው ጠርቶ «የምትለው ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን በቢሮዬ እንነጋገርበት፤ ሌሎቹን ታስፈራብኛለህ» ይለው ነበር። ወጪ የለውም፤ ደንብ ማውጣትም አያስፈልገውም። ነገር ግን አንድ ሰው ሲናገር አርባ ሰው ዝም የሚልበትን ክፍል ለወጠው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በአገራችን ለሴት ተማሪዎች የዩኒቨርስቲ መግቢያውን ነጥብ በጥቂቱ ዝቅ ማድረግ ለዓመታት ሲሠራበት የቆየ ነገር ነው። መልካም ነው፤ በር ነው። ነገር ግን በሩን ከፍቶ ቤቱን እንደ ነበረ መተው እንግዳን ጋብዞ ወንበር እንደ መንሣት ይቆጠራል። እኛ ወንዶቹም ይህንኑ በር መሳለቂያ አድርገነዋል፤ በራስዋ ከፍተኛ ነጥብ የገባችውን እንኳ «በቅናሽ የገባች» እንላታለን። ለመሆኑ እኛስ በምን ገባን? ከመካከላችን ስንቱ ነው ከትምህርት ቤት ሲወጣ ወደ ጌም ቤትና ወደ ኢንተርኔት ቤት ይሄድ የነበረ? በዚያው ሰዓት እኅቱ ውኃ ቀድታ፣ ወጥ ሠርታ፣ የእርሱንም ሸሚዝ አጥባ ማታ በድካም ደብተርዋን ትገልጥ ነበር። የኪቦርዱን ፊደላት ቀድመን ያወቅነው በተፈጥሮ ስጦታ አይደለም፤ እኅቶቻችን የቤቱን ሥራ ስለ ሠሩልን ነው። ይህም በወንዶችም መካከል ልዩነት አለው፤ ከገጠር የመጣ ወንድማችን ዩኒቨርስቲ እስኪገባ ድረስ ኮምፒዩተር ሳይነካ የሚመጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ለእኅቶቻችን የምንጠይቀው ነገር ለእርሱም ይጠቅመዋል።

ነገሩ የፍትሕ ብቻ ሳይሆን የሥራውም ጥራት ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ የተወለዱት ዶክቶር ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋራ ሆነው በ2018 ባወጡት ጥናት፣ ፊትን አይተው ወንድ ወይም ሴት ነው የሚሉ በገበያ ላይ የዋሉ ፕሮግራሞችን መረመሩ። ነጭ ወንዶችን ሲለዩ ስሕተቱ ከመቶ 1 አይሞላም ነበር፤ ጥቁር ሴቶችን ሲለዩ ግን ከፕሮግራሞቹ በአንዱ ከመቶ 34 አለፈ። መኪናው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ የሠሩትና የፈተኑት ሰዎች እናቶቻችንን የሚመስል ፊት በቂ አድርገው ስላላሳዩት ነው። ስሕተቱን ያወጡት ጥቁር ሴቶች መሆናቸው ደግሞ ድንገት የመጣ ነገር አይመስለንም። እንዲሁም አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉት ዶክቶር ረድኤት አበበ በ2019 ከኮርኔል ዩኒቨርስቲ በኮምፒዩተር ሳይንስ የዶክቶርነት ማዕርግ ሲቀበሉ በዚያ ዩኒቨርስቲ ታሪክ በዚህ ትምህርት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆኑ። እኛ በሻይ ክበብ «አይስማሙም» ስንል እነዚህ የአገራችን ልጆች የዓለምን ሊቃውንት ያስተምራሉ።

በእነዚህ ምክንያቶች ማኅበራችን በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ በአራት ነገሮች ላይ እንዲወስን እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ከላቦራቶሪው እስከ ሴቶች ማደሪያ ያለው መንገድ መብራት እንዲገባለት፤ እስኪገባም ድረስ ላቦራቶሪው ከሌሊት ይልቅ ቅዳሜና እሑድ ቀን እንዲከፈት ለአስተዳደሩ ይመልከት። ሁለተኛ፣ በቡድን ሥራ ሁሉ እያንዳንዱ አባል የፕሮግራሙን አንድ ክፍል ራሱ እንዲጽፍና ራሱ እንዲያስረዳ፣ ሪፖርት መጻፍም በተራ እንዲሆን መምህራኑን እንለምን። ሦስተኛ፣ ኮምፒዩተር ነክተው ለማያውቁ አዲስ ገቢዎች፣ ሴትም ሆኑ ወንድ፣ በመጀመሪያው ሴሚስተር የተለየ መለማመጃ ሰዓት ይኑር፤ አስተማሪ ቢጠፋ እኛ የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ያለ ክፍያ እናስተምራለን። አራተኛ፣ በየዓመቱ ስንት ሴቶች ወደየክፍሉ እንደ ገቡና ስንቶቹ እንደ ቆዩ በዚህ ገጽ ይታተም። ያልተቆጠረ ነገር አይታወቅም፤ ካልታወቀም «ተፈጥሮ ነው» እየተባለ ይኖራል።

ከእነዚህ አንዱም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ከሁሉ የሚከብደው ለማንም ልናመለክት የማንችለው ነው፤ እርሱም የእኛው አፍና የእኛው ሳቅ ነው።

ቅጹን ይዛችሁ ለምታመነቱ እኅቶች የምንለው አጭር ነው። ኮምፒዩተር ሳይንስን ካልፈለጋችሁት ተዉት፤ ማንም ሊያስገድዳችሁ አይገባም። ነገር ግን ከፈለጋችሁት፣ «አይስማሙም» የሚለውን ንግግር ሰምታችሁ ከሆነ፣ ተናጋሪዎቹ እኛ ነበርን፤ እኛም ሐሰት መሆኑን መስክረናል።

ክፍሏን ቀይራ ለሄደችው እኅታችንም አንድ ቃል አለን። ሪፖርቱን አሳምረሽ ጽፈሽልን ነበር፤ ያገኘነው ማርክ ያንቺም ነበረበት፤ አላመሰገንንሽም። ያን ዕለት ዝም ያልሽው ሥራው ስለ በለጠሽ ሳይሆን እኛ ስለ ነጠቅንሽ ነው። መምህሩ ሲጠይቅሽ ይህን ተነሥተን መናገር ነበረብን፤ እኛ ግን ሳቅን። ይቅርታ አድርጊልን። ተመልሰሽ ብትመጪ መጽሐፍ የሚፈለግበት ያ ክፍል አሁንም በደንብ አይሠራም።